የድንጋይ ቃጫ፤ ጣሪያን የሚያጸና፣ ሳንባን የሚያስር

በሶዌቶ ለሚኖሩና ለሚነግዱ ወገኖቻችን፣ እንዲሁም ጉዳዩ ያገባኛል ለሚል ሁሉ

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል እኛ ስደተኞች ሳንጠቅሰው የበተንነው ስብሰባ ያለ አይመስለኝም። ስለ አንድነት በተናገርን ቁጥር እናነሳዋለን፣ እናጨበጭብለታለን፣ ከዚያም ተለያይተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ዛሬ ግን አባባሉን ለፖለቲካ ሳይሆን እንደ ቃሉ ልወስደው ነው። የምጽፈው ስለ ድር፣ ስለ ክርና ስለ ቃጫ ነው። ይህ ጸሐፊ በአገር ቤት ሳለ ለምህንድስና ተማሪዎች ያስተምር የነበረው የቁሳቁስን ጥንካሬ በመሆኑ ርዕሱ ከሙያው የራቀ አይደለም። ብዕር ያስነሳው ግን ሙያው ሳይሆን በሶዌቶ ያየው አንድ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጆሃንስበርግ በነበርኩበት ጊዜ በአንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከባራግዋናት ሆስፒታል ብዙም በማይርቅ ሰፈር የሚነግድ አንድ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ልጠይቅ ሄድኩ። ልጁ ሱቁን የከፈተው ከአንዲት አዛውንት ደቡብ አፍሪካዊት በተከራየው ጋራዥ ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ጎጎ» ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ስደርስ ልጁ መሰላል ላይ ወጥቶ ለመብራት ገመድ ማሳለፊያ የጣሪያውን ግራጫ ክዳን በድሪል ይበሳል። አቧራው በፀጉሩ ላይ፣ በዳቦው መደርደሪያ ላይ፣ መሰላሉን ደግፎ በቆመው የጎጎ የልጅ ልጅ ፊት ላይ ይወርዳል። ልጁ አይቶኝ «ጋሼ፣ አቧራው ልብስዎን ያበላሽብዎታል፣ እባክዎ ውጭ ይቆዩ» አለኝ። ለልብሴ አዘነ! እኔ ደግሞ ለእርሱና ለሕፃኑ ሳንባ ደነገጥኩ። «ውረድ፣ ሁለታችሁም ውጡ» ብል ኤሌክትሪክ የፈራሁ መስሎት ሳቀ። ያ ግራጫ ክዳን አስቤስቶስ ያለበት ሲሚንቶ ነው ስለው «ምንድነው እሱ?» ሲል ጠየቀኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ መልስ ነው።

ቀጭን ነገር ለምን ይጠነክራል?

ከመሠረቱ እንነሳ። ውፍረቱ አንድ ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ዘንግ አስቡ። ዘንጉ ከሲሚንቶ ቢሠራና ከሥሩ ክብደት ብናንጠለጥልበት ግማሽ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ይበጠሳል። ሲሚንቶ ሲጫኑት ጀግና ነው፤ ሲጎትቱት ግን ወረቀት ነው። ያው ዘንግ ከተራ የግንባታ ብረት ቢሠራ ወደ 40 ኪሎ ይሸከማል። ከሰው ወይም ከከብት ጅማት ቢሆን ወደ 10 ኪሎ ይሸከማል። አስቤስቶስ ከሚባለው የድንጋይ ቃጫ ቢሆን ግን 300 ኪሎ አካባቢ ሊሸከም ይችላል። ከብረት ሰባት እጥፍ ገደማ ማለት ነው።

ድንጋይ እንዴት ከብረት በለጠ? የጥያቄውን ቁልፍ ያገኘው አላን ግሪፊዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መስታወትን እያቀለጠ ወደ ክር ሳበውና ክሩ በቀጠነ ቁጥር ጥንካሬው እየጨመረ እንደሚሄድ አሳየ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ማንኛውም ጠጣር ነገር በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች አሉበት፤ ሲጎተት የሚበጠሰው በትልቁ ስንጥቅ በኩል ነው። በጣም ቀጭን ክር ውስጥ ግን ትልቅ ስንጥቅ የሚቀመጥበት ቦታ የለም። በዚያ ላይ አንዱ ክር ቢበጠስ ስንጥቁ ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም፤ ጭነቱን የቀሩት ይካፈሉታል። አባቶቻችን ድር ቢያብር ያሉት ይኸው ነው። የእንሰት ቃጫ ሲፋቅና ገመድ ሲገመድ እያየ ላደገ የሆሳዕና ልጅ ነገሩ አዲስ አይሆንም።

ሰውነታችንም የቃጫ ሥራ ነው

ፈጣሪ ሰውን ሲሠራ የተጠቀመው ይህንኑ ብልሃት ነው። ጅማታችን፣ ቆዳችን፣ የደም ሥራችን፣ አጥንታችን ሳይቀር ኮላጅን በሚባል የፕሮቲን ቃጫ የተገመደ ነው። የበገና አውታር ከበግ አንጀት ተከርሮ ያን ያህል ውጥረት የሚችለው በዚሁ ኮላጅን ምክንያት ነው። ኮላጅን አንድ የሚደንቅ ጠባይ አለው። በእረፍት ላይ ሲሆን እንደ ሞገድ የተጠማዘዘ ስለሆነ መጀመሪያ ሲጎትቱት ለስላሳ ነው፤ ጥምዝምዙ ተዘርግቶ ሲያልቅ ግን በድንገት ይጠነክርና «ከዚህ አታልፍም» ይላል። መሐንዲሶች ሰው ሠራሽ ጅማት ለመሥራት ሲነሱ ለመኮረጅ የሚቸገሩት ይህን ጠባይ ነው።

ሳንባችን ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ቃጫ በሽርክና ይሠራል። ኤላስቲን የሚባለው እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ይመለሳል። ኮላጅኑ ሳንባው ከልክ በላይ እንዳይለጠጥ ልጓም ይሆናል። በቀን ወደ 20 ሺህ ጊዜ የምንተነፍሰው ሁለቱ ሚዛናቸውን ጠብቀው ስለሚሠሩ ነው። ይህን ሚዛን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

«ዘላለማዊው» ጣሪያ

ሲሚንቶ ሲጎተት ደካማ ነው ብለናል። ሉድቪግ ሃቼክ የተባለ ኦስትሪያዊ በ1900 አካባቢ መፍትሔ አገኘ። ከሲሚንቶው ጋር አንድ አሥረኛ የሚሆን አስቤስቶስ ቀላቅሎ እንደ ወረቀት በስሱ ዘረጋው። ውጤቱ ቀላል፣ የማይዝግ፣ እሳት የማይበላው ክዳን ሆነ። ስሙንም «ኤተርኒት» አለው፤ ከላቲን የተወሰደ ሲሆን ዘላለማዊ ማለት ነው። በአገራችንም ስሙ የታወቀ ነው። ይሁንና ዘላለማዊ የሆነው ጣሪያው ሳይሆን ቃጫው መሆኑን ያኔ ያስተዋለ አልነበረም።

ደቡብ አፍሪካ በዚህ ማዕድን የታደለች፣ ወይም የተረገመች አገር ናት። በገበያ የሚታወቁት ሦስቱም ዓይነቶች፣ ማለትም ነጩ ክሪሶታይል፣ ቡኒው አሞሳይትና ሰማያዊው ክሮሲዶላይት፣ ከምድሯ ተቆፍረዋል። አሞሳይት የሚለው ስም ራሱ ከአንድ የደቡብ አፍሪካ የማዕድን ኩባንያ ስም የመጀመሪያ ፊደላት የተወሰደ ነው። ምርቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ በደረሰበት በ1977 በዓመት ወደ 380 ሺህ ቶን ተመርቷል። በማዕድኑ ሥፍራ ድንጋዩን በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቃጫውን የሚለዩት በአብዛኛው ጥቁር ሴቶች ነበሩ፤ ሕፃናቶቻቸውን በጀርባቸው አዝለው።

አፓርታይድ ጥቁሩን ሠራተኛ ከከተማው አውጥቶ በደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ሲያሰፍረው ርካሽና ፈጣን ግንባታ ያስፈልገው ነበር። ስሙ ራሱ የእንግሊዝኛው «የደቡብ ምዕራብ ሰፈሮች» ምህጻር በሆነው ሶዌቶ፣ «የክብሪት ቤት» የሚባሉት ባለ አራት ክፍል ቤቶች በሺዎች ተሠሩ። ብዙዎቹ የለበሱት ይህንኑ ግራጫ ክዳን ነው። ዛሬም ከነክዳናቸው ያሉ በርካታ ናቸው። ወገኖቻችን ለስፓዛ ሱቅ የሚከራዩት ክፍልና ጋራዥ የዚያ ዘመን ውርስ ነው።

በሳንባ ውስጥ ምን ይሆናል?

አስቤስቶስን ለመሐንዲሱ ውድ ያደረጉት ሦስት ጠባያት ናቸው፤ ቅጥነቱ፣ ርዝመቱና አለመጥፋቱ። ገዳይ ያደረጉትም እነዚሁ ሦስቱ ናቸው።

አንደኛ፣ ቅጥነቱ። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይወፍራል፤ የሰማያዊው አስቤስቶስ ነጠላ ቃጫ ግን ወደ አንድ አሥረኛ ማይክሮን ይወርዳል። ክብ አቧራ ትልቅ ከሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ቃጫ ግን በአየር ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ የሚወስነው በአብዛኛው ውፍረቱ እንጂ ርዝመቱ አይደለም። ስለዚህ ረጅሙ ቃጫ እንደ መርፌ ቀንቶ እስከ መጨረሻዎቹ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አሰባበሩ ነው። የመስታወት ክር ሲሰበር በአግድሙ ተቆርጦ ያጥራል፤ አስቤስቶስ ግን በቁመቱ እየተሰነጠቀ ይቀጥናል። ድሪሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ርዝመቱ። በሳንባ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚውጡ የጽዳት ሠራተኛ ሴሎች አሉን። ስፋታቸው ከ15 እስከ 20 ማይክሮን ይሆናል። ከዚያ የሚረዝም ቃጫ ሲገጥማቸው ሊውጡት ይሞክራሉ፣ አያልቅላቸውም፣ ከሁለት ጫፍ እንደተወጠሩ በውስጣቸው ያለውን የሚያቃጥል ኬሚካል በአካባቢው ያፈስሳሉ። በአሜሪካ የካንሰር ተቋም ይሠራ የነበረው ሜርል ስታንተን እስከ 1981 ባካሄዳቸው የእንስሳት ሙከራዎች ዕጢ በማምጣት ረገድ ከሁሉ የከፉት ከ8 ማይክሮን የሚረዝሙና ከሩብ ማይክሮን የሚቀጥኑ ቃጫዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ቁም ነገሩ የቃጫው ቅርጽ እንጂ የማዕድኑ ስም ብቻ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ አለመጥፋቱ። የቤት መሸፈኛ የመስታወት ሱፍ ወደ ሳንባ ቢገባ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይሟሟል። ሰማያዊው አስቤስቶስ ግን በአሥርታት ዓመታት አይሟሟም። የተቀበረ ሰው እንኳ ሳንባው ውስጥ ቃጫው ይገኛል።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። ሰውነት ሊያስወግደው ያልቻለውን ነገር በጠባሳ ይከብበዋል። ጠባሳው ከምን የተሠራ ነው? ከኮላጅን! ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ ልጓሙ ላስቲኩን ያሸንፈዋል፤ ሳንባው ይደርቃል፣ ሰውየው ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ አስቤስቶሲስ ይባላል። የድንጋዩ ቃጫ የሥጋውን ቃጫ ጠርቶ ሳንባን አሰረው ማለት ነው። ሌላው የሳንባ ካንሰር ሲሆን ለሚያጨስ ሰው አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሦስተኛው በሳንባ ሽፋን ላይ የሚነሳው ሜሶቴሊዮማ የተባለ ካንሰር ነው። ይህ ከ20 እስከ 40 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተደብቆ ይቆይና ሲወጣ ብዙዎችን በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይገድላል። መሰላል የደገፈው ሕፃን ያስደነገጠኝ ለዚህ ነው።

ማን አወቀ? ማን ደበቀ?

ይህ ሁሉ እውቀት ከሩቅ አገር የመጣ እንዳይመስላችሁ። የሜሶቴሊዮማው ምክንያት የተገኘው እዚያው ጆሃንስበርግ ነው። በከተማዋ የሳንባ አቧራ በሽታ ምርምር ክፍል ይሠራ የነበረው ክሪስ ዋግነር በ1956 የሳንባ ነቀርሳ ነበረበት በተባለ አንድ የወርቅ ማዕድን ሠራተኛ አስከሬን ላይ ነቀርሳ ያልሆነ፣ እምብዛም የማይታወቅ ዕጢ አገኘ። በኪምበርሊ የነቀርሳ ሆስፒታል ኃላፊ የነበሩት ሐኪም ስሌግስ በበኩላቸው ከምዕራብ በኩል የሚመጡ አንዳንድ ሕሙማን በነቀርሳ መድኃኒት አልድን እንዳሉ አስተውለው ነበር። ሁለቱ ማርቻንድ ከተባለ የደረት ቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ሆነው የእያንዳንዱን ሕመምተኛ ኑሮ ወደ ኋላ እየጠየቁ ሄዱ፤ የት ተወለድክ? አባትህ ምን ይሠራ ነበር? በልጅነትህ የት ትጫወት ነበር? በ1960 ባሳተሙት ጥናት የ33 ሰዎችን ታሪክ አቀረቡ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከሰማያዊው አስቤስቶስ ጋር ግንኙነት ነበራቸው። ብዙዎቹም ማዕድን ቆፋሪዎች አልነበሩም፤ በማዕድኑ አቅራቢያ ያደጉ ሰዎች ነበሩ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጥናቱ የወጣው በ1960፣ ምርቱ ጣሪያ የነካው በ1977። በመካከሉ ያሉት 17 ዓመታት የማን ናቸው? የታሪክ ምሁሩ ጆክ ማካላክ በደቡብ አፍሪካ አስቤስቶስ ላይ በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ ኢንዱስትሪው ምርምሩን ለማፈን ያደረገውን ጫና ከሰነድ እያጣቀሱ ዘርዝረዋል። እኚህ ሰው በ2018 ያረፉት በዚያው በሜሶቴሊዮማ ነው፤ ቃጫው የገባባቸውም ለምርምር ወደ ማዕድኖቹ በተመላለሱበት ጊዜ ሳይሆን እንደማይቀር ይገመታል። እውነትን ፍለጋ የሚከፈል ዋጋ ማለት ይህ ነው።

ፍትሕ ዘግይታም ቢሆን መጣች፤ ግን ምን ያህል? የእንግሊዙ ኬፕ ኩባንያ የቀድሞ ሠራተኞችና ጎረቤቶች ጉዳያቸው በእንግሊዝ ፍርድ ቤት እንዲታይ እስከ ጌቶች ምክር ቤት ተሟግተው በሐምሌ 2000 ፈቃድ አገኙ። በ2003 በተደረገው ስምምነት ኩባንያው ለ7,500 ከሳሾች 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈለ። አካፍሉት፤ ለአንድ ሰው በአማካይ አንድ ሺህ ፓውንድ ይደርሳል። ደቡብ አፍሪካ አስቤስቶስን ማምረት፣ ማስገባትና መሸጥ በደንብ የከለከለችው በ2008 ነው። በቤቶች ላይ ያለው ግን እዚያው ቀረ፤ ሲነሳ እንዴት መነሳት እንዳለበት የሚደነግገው አዲሱ ደንብ የወጣው በ2020 ነው።

ወገኖቻችን ምን ያድርጉ?

በመጀመሪያ፣ አትደንግጡ። ያልተሰበረና ያልተነካ ክዳን ቃጫውን በሲሚንቶው ውስጥ አስሮ ስለሚይዝ ከሥሩ መኖር ብቻውን ትልቅ አደጋ አይደለም። አደጋው ሲነካ ነው። ስለዚህ፦

የቆየ፣ ግራጫ፣ ወፍራም ሞገድ ያለው ክዳን ካያችሁ አስቤስቶስ ነው ብላችሁ ጀምሩ። እርግጡን የሚነግረው ላቦራቶሪ እንጂ ዓይን አይደለም። አትብሱት፣ አትጋዙት፣ በብረት ብሩሽ አትፈግፍጉት፣ በኃይለኛ ውሃ አትጠቡት። ዝናብና ፀሐይ ለዘመናት ሲሚንቶውን ስለበሉት ላዩ ላይ ያለው ቃጫ ልቅ ነው።

የጆሃንስበርግ በረዶ ክዳኑን ቢሰብረው ስብርባሪውን በደረቁ አትጥረጉ። በውሃ አርጥቡት፣ ቅንጣት የሚያጣራ ጭምብል አድርጉ፣ በእጥፍ ፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ ልጆችን አርቁ። ጣሪያ መቀየር ካለበት ፈቃድ ያለው ተቋራጭ ይጠራ።

አቧራ የነካውን ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አትጠቡ፤ በባሎቻቸው የሥራ ልብስ ምክንያት የታመሙ ሚስቶች አሉ።

ሌላም የሚያሳዝን ምክር ልጨምር ተገድጃለሁ። 62 ሰዎች የተገደሉበትን የግንቦት 2008ን ሁከትና በጥር 2015 በሶዌቶ የተፈጸመውን የሱቅ ዘረፋ የምንረሳው አይደለም። አስቤስቶስ ሲሚንቶ በእሳት ውስጥ እየፈነዳ ይበታተናል። ሱቁ የተቃጠለበት ሰው የተረፈውን ንብረት ለመልቀም አመዱን በእጁ ሲያገላብጥ ሁለተኛ አደጋ ላይ ይወድቃል። ያንን ፍርስራሽ ሳታርጥቡና ሳትሸፈኑ አትንኩት።

እንዲህ ዓይነቱን ነገር ለአከራዮቻችሁም ንገሯቸው። ጎጎ በዚያ ጣሪያ ሥር ከእናንተ በፊት ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ እርሳቸውም የነገራቸው የለም። የጋራ አደጋን አብሮ ማወቅ ከብዙ የሰላም ስብሰባ ይበልጥ ጎረቤት ያደርጋል።

ከዚህ የምንማረው

ታሪኩ ያለፈ ብቻ አይደለም። በምህንድስናው ዓለም ዛሬ የሚደነቀው የካርቦን ናኖቲዩብ ቅጥነቱ፣ ርዝመቱና አለመጥፋቱ አስቤስቶስን የሚያስታውስ ነው። በ2008 የኤድንብራ ተመራማሪዎች ረጅሙን ዓይነት በአይጦች ሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ፈትነው እንደ አስቤስቶስ ያለ ቁጣ እንደሚቀሰቅስ አሳዩ። በ2014 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም አንዱን ዓይነት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት መደበው። የ1960ው ስህተት እንዳይደገም ዕድሉ አለ፤ መረጃው እስካልታፈነ ድረስ።

ደስ የሚለውም አለ። ዛሬ የአስቤስቶስን ቦታ በክዳን ውስጥ የተካው በአብዛኛው የዕፅዋት ቃጫ ነው። የሲሚንቶው አልካላይን ባሕርይ ጥሬውን ቃጫ ስለሚበላው መጀመሪያ እንደ ወረቀት ልም ተቀቅሎ መጥራት አለበት እንጂ መርሁ ያው ነው። በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም የእንሰት ቃጫን ለማጠናከሪያነት የሚፈትሹ ጥናቶች ታትመዋል። ያ የሆሳዕና ልጅ እናቱ ስትፍቀው ያደገው ቃጫ አንድ ቀን ጣሪያ ሊያጸና ይችላል፤ ሳንባ ሳያስር።

የሶዌቶው ልጅ ከመሰላሉ ወርዶ ሁሉን ከሰማ በኋላ «ጋሼ፣ ይህን የሚያውቁ ሰዎች ካሉ ለምን አልነገሩንም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የዋግነር ጥናት የታተመው በሐኪሞች መጽሔት ነበር፤ ለጎጎ የደረሳት ጣሪያው ብቻ ነው። የተማርን ሰዎች ዕዳችን እዚህ ላይ ይመስለኛል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሰው በሽታ ደብቆ የሚነግድማ ምን ይባላል? እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ በሶዌቶ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና ንገሩት። ድር የሚያብረው እንዲህ ነው።

ቸር ይግጠመን!